እርሳስ፣ ነጭ ሽንኩርትና የነጭናጫ ልጅ ነገር፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (እናት፣ ከአዳማ)፦ ባለቤቴ የመኪና ባትሪ ያድሳል። የ7 ዓመቱ ልጃችን ነጭናጫ ሆነ፣ ትምህርትም አልገባው አለ። የሽፈራው ቅጠልና ነጭ ሽንኩርት ከባትሪው የሚመጣውን የእርሳስ (የብረቱን) መርዝ ያወጣሉ ተባልኩ፤ ስንት ልስጠው?

መልስ፦ ከመጠኑ በፊት ምርመራው ይቅደም። ንጭንጭ ከእርሳስም ከሌላም ይመጣል። ደሙ ከክንድ ይቀዳ፤ ከጣት ሲሆን እጁ ላይ የቀረ ብናኝ ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል። በአንድ ዴሲሊትር (በሊትር አንድ አሥረኛ) ደም 45 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ ከተገኘ ሐኪም እርሳስ የሚያወጣ መድኃኒት ያዝዛል፤ ቅጠል አይተካውም።

የነጭ ሽንኩርቱ ወሬ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ የኢራን ጥናት፣ የባትሪ ሠራተኞች ለ4 ሳምንት በቀን 3 ጊዜ የነጭ ሽንኩርት ክኒን ወስደው በደማቸው ያለው እርሳስ ቀንሷል። እነሱ ግን አዋቂዎች ናቸው፣ ክኒኑም በልክ የተሠራ ነው። የሽፈራው ማስረጃ በአብዛኛው ከአይጥ የመጣ ነው። ስለዚህ ልጁ በወጥ ውስጥ ይብላው እንጂ እንደ መድኃኒት አይስጡት።

ደሙ ጠራ ማለት ጠባዩ ተመለሰ ማለትም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከ20 እስከ 44 ማይክሮግራም በነበረባቸው 780 ሕፃናት ላይ ሳክሲመር የተባለ መድኃኒት ተሞክሮ እርሳሱን ቢቀንስም አእምሯቸውንና ባሕርያቸውን አላሻሻለም። ዋናው እርሳሱ ወደ ልጁ የሚገባበትን መንገድ መዝጋት ነው። ባለቤትዎ የሥራ ልብሱንና ጫማውን እዚያው ሥራ ቦታው አውልቆ፣ ታጥቦ ይግባ። ልብሱ ከልጁ ልብስ ጋር አይታጠብ። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ አይጥረጉ፣ ብናኙ ይነሳል፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉት።

ከምግብ ደግሞ ምስር፣ ጎመን፣ ወተት፣ ከምስሩ ጋር ብርቱካን። ብረትና ካልሲየም ያነሰው አንጀት እርሳስን አብልጦ ይወስዳል፤ ባዶ ሆድም እንዲሁ፤ ስለዚህ ቁርስ አይቅር። ሻይ ከማዕድ ጋር አይጠጣ፤ ብረቱን ያስቀራል።

ጥያቄ፦ የድንብላል ጭማቂስ?

መልስ፦ በልጆች ላይ ተሞክሮ ከማስመሰያ (ፈዋሽ ነገር ከሌለበት) መድኃኒት አልበለጠም።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ እርድ አእምሮን እንደ እርሳስ ካለ የብረት መርዝ ይጠብቃል?

መልስ፦ በአይጥ ላይ የታየ ነገር አለ። የሚያስፈራኝ ግን እርዱ ራሱ እርሳስ ይዞ መምጣቱ ነው፤ ባንግላዴሽ ውስጥ ቢጫነቱ እንዲደምቅ ሊድ ክሮሜት የተባለ እርሳስ ያለበት ቢጫ ቀለም ሲቀቡት ተገኝቷል፣ ያውም ሥሩ ሳይፈጭ። እዚያ የተቀባው ሲወለወል ነው፤ ስለዚህ ያልተወለወለ፣ ቆዳው ሸካራ የሆነ ሥር ገዝተው፣ በብሩሽ አጥበው፣ አድርቀው ይውቀጡ። ዱቄት ሆኖ ከተሸጠ በዐይንም በምላስም አይለይም።