ደሞዝ ከስለት ይቀድማል፦ ለዓመታዊ ጉባኤያችን የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ? እንኳን በሰላም መጣችሁ። ከመሐል ሜዳ በሌሊት ተነሥታችሁ የመጣችሁ፣ ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ወጥታችሁ የታርማበርን ጉም አቋርጣችሁ እዚህ ደብረ ብርሃን ውርጭ ላይ የደረሳችሁ ሁሉ እግዜር ያክብርልኝ። ከኋላ ያላችሁ ወደፊት ቅረቡ፣ ወንበር አለ።

ሪፖርቱን የሚያቀርቡት ሌሎች ናቸው፣ ቁጥሩን ለእነሱ ትቻለሁ። እኔ ዛሬ ላነሣው የፈለግኩት አንድ ጥያቄ ነው። እምነታችን ሱቃችን ውስጥ የት ጋ ነው ያለው?

የብዙዎቻችን ሱቅ ስትገቡ ከባንኮኒው በላይ የማርያም ሥዕል አለ። የሙስሊም ወንድሞቻችን ጋ የቁርኣን አንቀጽ ተሰቅሏል። ጠዋት በሩን ስንከፍት በስመ አብ ወይም ቢስሚላህ ሳይል የሚከፍት ያለን አይመስለኝም። ይኼ መልካም ነው፣ ማንም እንዳይተወው። እኔ የምጠይቀው ከግድግዳው ወርዶ ሚዛኑ ጋ ደርሷል ወይ? ደብተሩ ጋስ? ደሞዝ የሚከፈልበት ቀን ላይስ?

የራሴን ልንገራችሁ። የባልትና ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት ነው። አራት ልጆች ቀጥሬ ነበር፤ ገብስ ይቆላሉ፣ ያበጥራሉ፣ በሶና ሽሮ ያሽጋሉ። የወፍጮው ብድር ካለቀልኝ ለደብራችን ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። ብድሩ አለቀልኝ። ጃንጥላው ለጥምቀት መድረስ ነበረበትና ገንዘቡ አልሞላ ሲለኝ ልጆቹን ጠርቼ "ትንሽ ታገሡኝ፣ ከበዓሉ በኋላ እሰጣችኋለሁ" አልኳቸው። ታገሡኝ፤ ምን ይበሉ? ጃንጥላው ገባ፣ ስሜ ተጠራ፣ እልልታው ቀለጠ። ካህኑ ሲመርቁኝ አልቅሻለሁ። ቀና ስል ከሴቶቹ መሐል ቆማ እልል የምትለው አንዷ ሠራተኛዬ ነበረች።

በማግስቱ መጣች። አንገቷን ደፍታ "እትዬ፣ የቤት ኪራይ አልፎብኝ አከራዬ ዕቃሽን አወጣለሁ እያለችኝ ነው፣ ትንሽ ብር ቢኖርዎት ያበድሩኝ" አለችኝ።

ያበድሩኝ! የራሷን ደሞዝ ነው ብድር ያለችው።

የዚያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሄጄ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና "እንግዲያው ጃንጥላውን ያስገባችው እሷ ናታ፣ ልጄ" አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። እኔም የምመልሰው አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ በቤቴ አንድ ሕግ አለ። ደሞዝ ወር በገባ በ28 ይከፈላል። እቁቡም፣ አሥራቱም፣ የእኔም ቀሚስ ከዚያ በኋላ ነው። የሠራተኛ ዋጋ አንተ ዘንድ አይደር የሚለው ከሙሴ ሕግ ጀምሮ ያለ ነው፤ ሙስሊም ወንድሞቻችንም የሠራተኛው ላብ ሳይደርቅ ክፈለው የሚለውን ከነቢያቸው ተምረውታል። በዚህ ጉዳይ ሁለቱም ቤት አንድ ቃል ነው ያለው፣ ስለዚህ እዚህ አዳራሽ ውስጥ "እኔን አይመለከተኝም" የሚል ሰው አይኖርም።

ደግሞ ጳጉሜ አለች። በአገራችን ልማድ ጳጉሜ ደሞዝ የላትም፣ የወር ደሞዝተኛ አምስቱን ቀን ሠርቶ በባዶ ነው እንቁጣጣሽን የሚቀበለው፣ ያውም ለልጆቹ ልብስና ደብተር በሚገዛበት፣ ዶሮ በሚያርድበት ሰሞን። እኔ የአምስቱን ቀን መስጠት ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከየወሩ ጥቂት ጥቂት አስቀምጬ ስለምቆይ ሲደርስ አይከብደኝም። እናንተም አስቡበት። አቅም የሌለው ሁለት ኪሎ ዱቄት ይስጥ፤ ሠራተኛዋ ቢያንስ ያስታወሳት ሰው እንዳለ ትወቅ።

አሁን ወደ ዮሴፍ ልውሰዳችሁ። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ቦታ አለ። ዮሴፍ ሕልሙን ከፈታ በኋላ ፈርዖንን "እንግዲህ እንጸልይ" ብሎ አልተወውም። ሰው ሹም፣ ጎተራ አዘጋጅ፣ በጥጋቡ ሰባት ዓመት ከአምስት አንድ እጅ ሰብስብ አለው። ያ ሰው እኮ እስር ቤትም ሆኖ እግዚአብሔር አብሮት የነበረ ሰው ነው። ግን እምነቱ የወጣው በጎተራ ነው፣ በቁጥር ነው፣ ከአምስት አንድ በሚል ስሌት ነው።

የእኛ ጥጋብና ረሃብ ሰባት ሰባት ዓመት አይቆይም፤ በዓመት ውስጥ ነው የሚመላለሰው። ሥጋ ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ቀኑ ተቆጥሮ የሚታወቅ ነገር ነው፣ ሆኖም በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ኪራይ የምትበደሩ አላችሁ። እኔ በተቃራኒው ነኝ፤ በጾም ሽሮዬ ይሸጣል፣ ፋሲካ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል። ጥር የሠርግ ወር ነው፣ ልብስ ሰፊውና ዲኮር ሠሪው ይሯሯጣል፣ ክረምት ሲገባ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ስለዚህ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ጥጋብ ወር እወቁት። በዚያ ወር ከ1000 ብር ትርፍ 200ውን ሳትነኩ አስቀምጡ። ከሽያጩ አላልኩም፣ ከትርፉ ነው። ሁለቱን የማንለይ ብዙ ነን፣ ችግራችንም ከዚያ ይጀምራል።

ትርፍን ለማወቅ ደግሞ ደብተር ያስፈልጋል። "በጭንቅላቴ ነው የምይዘው" የሚል አባል አሁንም አለን። በጭንቅላት የተያዘ ሒሳብ ኪስን ከካዝና አይለይም። ከመሳቢያው ለእድር ይወጣል፣ ለዘመድ ሠርግ ይወጣል፣ ተዝካር ይመጣል፣ በዓመቱ መጨረሻ "ገበያ የለም" እንላለን። ገበያውስ ነበረ። ለራሳችሁ ደሞዝ ቁረጡ፣ ትንሽ ትሁን፣ ግን የታወቀች ትሁን። ለሠርጉም ለተዝካሩም ከደሞዛችሁ አውጡ። እኔ ስጀምር ለራሴ የቆረጥኩት ከሠራተኞቼ የማይበልጥ ነበር።

ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ማሸጊያውም የወፍጮ መለዋወጫውም የት እንደደረሰ ለእናንተ አልነግራችሁም። በዚያ ሰሞን የተረፉት ደብተር የነበራቸው ናቸው። ዋጋ መቼ መጨመር እንዳለባቸውና በስንት እንደሆነ ያውቁ ነበርና። ሌሎቻችን በድሮ ዋጋ ሸጠን፣ ደስ ብሎን ወደ ቤት ገባን፣ በማግስቱ ያንኑ ዕቃ መልሰን መግዛት አቃተን።

ሚዛን ላይ ብዙ አልቆይም። አባይ ሚዛን እግዚአብሔር የሚጠላው ነገር ነው፤ በቁርኣንም ሲሰፍሩ ስለሚያጎድሉ ሰዎች በመናገር የሚጀምር ሱራ አለ። ያልሰማ የለም። ሚዛናችሁን አስፈትሹ፣ አሸዋ ያለበትን ገብስ ከነአሸዋው አትመዝኑ፣ በቃ።

ስለ መሪነት ልናገር። አራት ሰው ያለህ ከሆነ መሪ ነህ። አንድ ሰውም ቢሆን። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር በ52 ቀን ሲያስጨርስ አንዳንዶቹ በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ነው የሠሩት። ይኼ ትልቅ ብልሃት ነው። ሰው የራሱ ነው ያለውን ቦታ ጠንክሮ ይሠራል። እኔም ከዚያ ተምሬ የበሶውን ክፍል ለአንዷ፣ የሽሮውን ለሌላዋ ሰጠሁ። ሲበላሽም ማንን እንደምጠይቅ አውቃለሁ፣ ሲያምርም ማንን እንደማመሰግን አውቃለሁ። ነህምያ ገዥ ሆኖ ለ12 ዓመት የገዥነት ቀለቡን አልወሰደም፣ ሕዝቡ ከብዶታል ብሎ። አሠሪው ፊት ለፊቱ ክትፎ ሲበላ እያየ "ዘንድሮ ጭማሪ የለም" የሚባል ሰው ምን እንደሚሰማው አስቡት።

ተቆጡ፣ መቆጣት አለ። ግን ደንበኛ ፊት አይሁን። ጓዳ ጥሩትና ንገሩት።

አንድ ጊዜ ጻድቃኔ ማርያም ሱባዔ ገብቼ ስልኬ አላስቆም አለኝ። "እትዬ፣ ግማሽ ኪሎው በስንት ነው? እትዬ፣ የመጋዘኑ ቁልፍ የት ነው? እትዬ፣ ደንበኛ በቴሌብር ልክፈል ይላል።" በሦስተኛው ቀን ተመለስኩ። በልጆቹ ተናድጄ ነበር፣ መንገድ ላይ ግን ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ገባኝ። ዋጋውን የማውቀው እኔ፣ ቁልፉን የያዝኩት እኔ። ልጆቹ የማይታመኑ ሆነው አይደለም፣ እኔ ነኝ ሰው ያላመንኩት። እግዚአብሔርን አምናለሁ እያልኩ አብራኝ አምስት ዓመት የሠራችን ልጅ ቁልፍ አላምናትም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሰባቱን ቀን ጨርሼ መጣሁ፣ ሱቁም አልተዘጋም። ቁልፉ ዛሬም እሷ ጋ ነው።

በዓል የምታከብሩ፣ በ12ም በ21ም የምትዘጉ፣ አክብሩ። ግን ቀኑን በር ላይ ለጥፉት። ከምንጃር ድረስ መጥቶ የተዘጋ በር ያገኘ ደንበኛ ተመልሶ አይመጣም። አርብ ወደ መስጊድ የሚሄድ ሠራተኛ ያለህም ሰዓቱን ሳይለምንህ ልቀቀው።

አጣዬ በ2013 ስትቃጠል፣ በ2014 ጦርነቱ ደብረ ሲና አካባቢ ሲደርስ፣ ከመካከላችን ሁሉንም ጥለው ባዶ እጃቸውን የመጡ አሉ። ከእነሱ አንዱ ያን ጊዜ እዚህ ከተማ ያለ ዕቃ አከፋፋይ ጋ ሄዶ ነበር። ወረቀት የለ፣ ዋስ የለ። አከፋፋዩ "አንተ ከዚህ በፊት አንድ ቀን አሳልፈህ አታውቅም" ብሎ ሙሉ ዕቃ በዱቤ ሰጠው። ዛሬ ሁለቱም እዚህ ተቀምጠዋል፣ ስማቸውን እንዳልጠራ ለምነውኛል። ያ ሰው ሱቁ ሲጠፋ ያልጠፋበት ነገር በሰላሙ ጊዜ በቀኑ እየከፈለ ያጠራቀመው ነው።

ከመቀመጤ በፊት አንድ ልመና አለኝ። የሠራተኛ ደሞዝ ያለፈባችሁ ካላችሁ፣ እጃችሁን አታውጡ፣ ማንም አይጠይቃችሁም። ግን በሻይ ሰዓት ወደ ውጭ ወጥታችሁ ስልክ ደውሉላት። ያላችሁን ዛሬውኑ ላኩላት፣ የቀረውን ቀን ቆርጣችሁ ንገሯት። ሻይ 4 ሰዓት ላይ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ሰጥተናችኋል፤ ሆን ብለን ነው ያረዘምነው።

ጉባኤያችን ተከፍቷል። ሒሳብ ሹማችን፣ መድረኩ የእርስዎ ነው።