እማዬ፣ ፖሳይደን እና የአራተኛ ፎቅ ደረጃ

ሰላም፣ እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፏል። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ጋቢ ተከናንቤ ተቀምጫለሁ። የውሻ ጩኸት ከሰማችሁ ከታች ከግቢው ነው። ጅብ በጫካው በኩል ሲመጣ ሁሌም እንዲህ ነው የሚጮሁት። እስኪያቆሙ ብጠብቅ ይነጋብኛል፣ ስለዚህ ልጀምር።

ስለ አንድ ፊልም ላወራችሁ ነው። ስለ እናቴም ላወራችሁ ነው። ሁለቱን ለያይቼ ለማውራት ሞክሬ አልሆነልኝም።

ፊልሙ «ዘ ፖሳይደን አድቬንቸር» ይባላል። እንደ ፈረንጆቹ በ1972 የወጣ ነው። ዳይሬክተሩ ሮናልድ ኒም፣ ፕሮዲውሰሩ ኧርዊን አለን ነው። መጀመሪያ ያየሁት ልጅ ሆኜ ነው፣ ኮተቤ ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተጣብበን። እንግሊዝኛው አይገባንም ነበር። ከኋላ አንድ ትልቅ ልጅ እየጮኸ ይተረጉምልን ነበር፣ ግማሹን ከራሱ እየጨመረ። ከዚያን ቀን የቀረልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መርከቡ ሲገለበጥ።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ፖሳይደን አሮጌ የመንገደኞች መርከብ ነው። ከኒውዮርክ ወደ አቴንስ የመጨረሻ ጉዞውን እያደረገ ነው። የፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ ነው፣ ሰው ሁሉ አዳራሽ ውስጥ ይጨፍራል። ባሕር ውስጥ የመሬት መንቀጥቀጥ ይነሳና ተራራ የሚያህል ማዕበል መርከቡን ከጎን ይመታዋል። ይገለበጣል። ጣሪያው ወለል ይሆናል፣ ወለሉ ጣሪያ። በብሎን የታሰሩት ጠረጴዛዎች ከላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። አንዱ ሰውዬ ጠረጴዛ ይዞ እላይ ተንጠልጥሏል፤ ከዚያ እጁ ይዝልና ታች ያለው የጣሪያ መስታወት ላይ ይወድቃል። ቪዲዮ ቤቱ ጸጥ ያለው ያኔ ነበር።

የተወሰነውን ክፍል የቀረጹት ካሊፎርኒያ፣ ሎንግ ቢች ላይ በቆመችው በእውነተኛዋ ኩዊን ሜሪ መርከብ ውስጥ ነው። ይህቺ መርከብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1942፣ ከ10 ሺህ በላይ የአሜሪካ ወታደሮች ጭና ስትሄድ አንድ ግዙፍ ማዕበል ከጎን መቷት ለመገልበጥ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ማለቴ፣ ታሪኩ ፈጠራ ቢሆንም ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው።

ዋናው ሰው ቄስ ነው። ፍራንክ ስኮት ይባላል። የሚጫወተው ጂን ሃክማን ነው፣ በፈረንጆቹ 2025 ያረፈው። ስኮት ከአለቆቹ ጋር የተጣላ ቄስ ነው። ለቅጣት አፍሪካ ውስጥ ወዳለ አንድ አዲስ አገር ተመድቦ እየሄደ ነው። ይሄ ነገር አሁን ፊልሙን ደግሜ ሳየው ቆረቆረኝ። የእኛ አህጉር የቅጣት ቦታ! እሱ ግን ደስ ብሎታል። እዚያ ማንም ስለማያዘኝ እንደ ልቤ እሠራለሁ ነው የሚለው።

መርከቡ ሳይገለበጥ በፊት ይሰብካል። ስብከቱ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ተንበርክካችሁ አትለምኑ። እግዚአብሔር ስለ እያንዳንዳችሁ ችግር የሚጨነቅበት ጊዜ የለውም። እሱ ያለው እናንተ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ተነሱና ታገሉ። እግዚአብሔር የሚወደው ብርቱውን ነው።

መርከቡ ከተገለበጠ በኋላም እንደ ስብከቱ ነው የሚያደርገው። የመንገደኞቹ ኃላፊ «ባላችሁበት ጠብቁ፣ እርዳታ ይመጣል» ይላል። ስኮት ደግሞ «ታች የነበረው አሁን ላይ ነው፤ ወደ መርከቡ ሆድ መውጣት አለብን፣ እዚያ ብረቱ ስስ ነው» ይላል። ትልቁን የገና ዛፍ እንደ መሰላል ያቆሙታል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ስኮትን ጨምሮ አሥር ሰው ነው የሚወጣው። የቀሩት ውሃው ሲደርስባቸው ዛፉ ላይ ይረባረባሉ፣ ዛፉም ይወድቃል።

እኔ ለብዙ ዓመት ስኮትን እወደው ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ይህን ሰውዬ እንደ መመሪያ ነበር የያዝኩት። ከኮተቤ ተነስቼ፣ አባት ሳይኖረኝ፣ ተምሬ፣ ሠርቼ፣ ይቺን ቤት ዕጣ ደርሶኝ ከፍዬ እስክጨርስ ድረስ፣ በልቤ የምለው እሱ የሚለውን ነው። ተነስ። ውጣ። አትጠብቅ።

ከዚያ እማዬ ታመመች።

የልብ ድካም ነው ተባለ። እግሯ ያብጣል። ሌሊት ሦስት ትራስ ካልደረበች ትንፋሽ ያጥራታል። መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች፣ ጸበሏንም ትጠጣለች፣ አንዱን በአንዱ አልተወችም። ግን ከቤት መውጣት እየተወች መጣች። አራት ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። አንዴ ከወረደች መመለሱ አንድ ሰዓት ይፈጅባታል። እሑድ ቅዳሴ ቀረባት። መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ከሩቅ በድምፅ ማጉያ የሚመጣውን ትሰማለች፣ እያማተበች።

እኔ ደግሞ እንድትንቀሳቀስ እፈልጋለሁ። ሐኪሙ በርታ በርታ ትበል ብሏል። አንድ ቀን ማታ ከሥራ ደክሞኝ ገባሁ። የካራ መንገድ ተዘጋግቶ ሁለት ሰዓት ታክሲ ውስጥ ቆይቼ ነበር። ስገባ እዚያው መስኮት ጋ ናት። ውዳሴ ማርያም እየደገመች ነው። ተናደድኩ። «እማዬ፣ ቁጭ ብሎ መጸለይ ብቻ ምን ያደርጋል? እግዜር የሚረዳው እኮ ራሱን የሚረዳውን ነው!» አልኳት። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

መጽሐፏን ዘጋችው። ቀና ብላ አየችኝና «ልጄ፣ ደረጃው አቃተኝ እንጂ መኖር መቼ ጠላሁ?» አለችኝ።

ሌላ ምንም አላለችም። ተነስታ ራት አቀረበችልኝ። በዚያ እግሯ።

ይቅርታ እንኳን አልጠየቅኳትም። ቆይቶ ሌላ ነገር እያወራን እንደተረሳ አድርገን አለፍነው።

ፊልሙ ውስጥ ቤል ሮዘን የምትባል ሴትዮ አለች። ሼሊ ዊንተርስ ናት የምትጫወታት፣ ለኦስካርም በዚህ ታጭታለች። ቤል አሮጊት ናት፣ ወፍራም ናት። ከባሏ ጋር እስራኤል ያለ የልጅ ልጃቸውን ለማየት እየሄዱ ነው። ዛፉን ስትወጣ ሁሉም ይጨነቃል። ቀስ ትላለች፣ ታለከልካለች፣ ተውኝ ትላለች። በስኮት ስብከት ሚዛን ብትመዘን ቤል ብርቱ ከሚባሉት አይደለችም።

ከዚያ በውሃ የተሞላ መተላለፊያ ይገጥማቸዋል። ስኮት ገመድ ይዞ ጠልቆ ይገባና ብረት ይወድቅበታል። ተይዞ ይቀራል። ማን ገብቶ ያወጣዋል? ቤል። በወጣትነቷ የውሃ ውስጥ ዋና ተወዳዳሪ ነበረች። ትገባለች፣ ብረቱን ታነሳለታለች፣ ይዛው ወዲያ ማዶ ትወጣለች። ከዚያ ልቧ ይቆማል። አንገቷ ላይ የነበረውን፣ በዕብራይስጥ «ሕይወት» የሚል ትርጉም ያለውን ጌጥ ለባሏ እንዲሰጥላትና ለልጅ ልጇ እንዲደርስ አደራ ብላ ትሞታለች።

ስኮት እሷን አቅፎ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ይለምናል። «አምላኬ፣ እባክህ፣ ይህቺን ሴት አይሆንም» ይላል። ያ አትለምኑ ብሎ የሰበከው ሰውዬ! ልጅ ሆኜ ይሄ አልታየኝም። ባለፈው ወር፣ ከእማዬ ሙት ዓመት በኋላ ቤቱ ጭር ሲልብኝ ፊልሙን ከፈትኩት። እዚህ ጋ ስደርስ አቆምኩት። ማየት አልቻልኩም።

ትዝ ያለኝ ያ ሌሊት ነው። ልንገራችሁ፣ ሊነጋ ሲል ከለሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ እማዬ ትንፋሽ አጠራት። ከንፈሯ ጠቆረ። መብራት የለም። በሩን ከፍቼ ኮሪደሩ ላይ ጮህኩ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሙስሊም ጎረቤታችን ሱብሒ ሊሰግድ ተነስቶ ነበርና እሱ መጀመሪያ ደረሰ። ሁለት ልጆች ከጎን መጡ። እማዬን የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ በነጠላዋ ወገቧን ከወንበሩ ጋር አስረን፣ በስልክ መብራት መውረድ ጀመርን። እኔ ከፊት በኩል አንዱን እግር ይዣለሁ።

ሁለተኛ ፎቅ ስንደርስ እጄ ከዳኝ። እንዲሁ ዛለ። ወንበሩ አዘነበለ። በዚህ መሃል የአንድ ሰው ክንድ በጎኔ ገባና ወንበሩን ቀጥ አድርጎ ያዘው። እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው ጎረቤታችን ነበረች፣ ለጋገራ ተነስታ። ትልቅ ሴትዮ ናት፣ ሰውነቷ ከበድ ያለ። ደረጃ ስትወጣ በየፎቁ ቆም ብላ ነው የምታርፈው። ጠዋት ጠዋት ስቸኩል ከኋላዋ ቆሜ በሆዴ ስንት ጊዜ አጉረምርሜያለሁ። «ልቀቀው፣ አንተ መብራቱን ያዝ» አለችኝ። እስከ ታች ድረስ እሷ ናት ያወረደቻት። የሊጥ ሽታዋ አሁንም ይሸተኛል።

እማዬ መናገር አቅቷት ነበር። ግን ታች ስንደርስ «ልጆቹን… እንዳይጎዱ» አለች። ስለ ተሸካሚዎቹ ነው የምትጨነቀው።

ያን ቀን ተረፈች። ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ኖረችልኝ።

ወደ ፊልሙ ልመለስና የስኮትን መጨረሻ ልንገራችሁ። መውጫው ጋ ሊደርሱ ሲሉ የእንፋሎት ቧንቧ ፈንድቶ መንገዱን ይዘጋል። እዚያው አብረዋቸው ከመጡት አንዷ፣ ሊንዳ የምትባለዋ፣ ወድቃ ትሞታለች። ስኮት በንዴት ይፈነዳል። ወደ ላይ እየጮኸ ከአምላኩ ጋር ይጣላል። እዚህ ድረስ ያለ አንተ መጣን፣ ስንት ሰው ነው የምትፈልገው፣ ስንት ደም? ይላል። ከዚያ ዘሎ የጋለውን ቫልቭ በእጁ ይይዛል። ከሥሩ የሚነድ ውሃ ነው። ተንጠልጥሎ ያዞረዋል። ሌላ ነፍስ ከፈለግህ የእኔን ውሰድ ይላል። እንፋሎቱ ይቆማል። እሱ ይለቅና ይወድቃል። የቀሩት ይድናሉ።

አንዳንድ ሰው ይህን ክህደት ነው ይለዋል። እኔ አልስማማም። ከሌለ ሰው ጋር ማን ይጣላል? ለቅሶ ቤት ቁጭ ብላችሁ ሰምታችሁ የለ? እናቶቻችን ደረታቸውን እየመቱ «ምነው ጌታዬ? ምነው ጨከንክብኝ? ምን በደልኩህ?» ይላሉ። በነጋታው ነጠላቸውን አጣፍተው እዚያው ደጁ ናቸው። ማንም ከሃዲ አይላቸውም። ስኮት መጀመሪያ ሲሰብክ አምላኩ ሩቅ ነው፣ ሥራ የበዛበት ነው። በመጨረሻ ሲጮህ ግን ፊት ለፊቱ የቆመ ያህል ነው። ለእኔ ያመነው ያኔ ነው። ቤል ናት እዚያ ያደረሰችው።

አንድ ሌላ ሰው ደግሞ አለ። ፊልሙ ብዙ አይቆይበትም፣ እኔ ግን አሁን ከሁሉም በላይ የማስበው እሱን ነው። የመርከቡ ቄስ፣ ጆን። ሽማግሌ ነው። ስኮት ና እንውጣ ሲለው፣ እነዚህን ሰዎች ትቼ አልሄድም ይለዋል። መሞታቸው እንደማይቀር ያውቃል። መውጣት የማይችሉ ቁስለኞች አሉ፣ የፈሩ አሉ። ከእነሱ ጋር ይቀራል። ቪዲዮ ቤት ሆነን ይሄን ሰውዬ ፈሪ ነው ብለን ሰድበነዋል። ያ የሚተረጉምልን ልጅም «ሞኝ!» ብሎ ነበር የጮኸው።

በእነዚያ ሰባት ወራት እኔ ከእማዬ ጋር መቅረት ተማርኩ። ቀስ ብዬ ነው የተማርኩት። ተነሺ ማለት ተውኩ። ማታ ማታ መስኮቱ ጋ ሁለተኛ ወንበር አስገባሁ፣ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ስለ ኮተቤ ታወራኛለች፣ ስለ አባቴ። ያን ማታ ስለተናገርኳትም አንድ ቀን ይቅርታ ጠየቅኳት። «የቱን?» አለችኝ። የምር ረስታው ይሁን አውቃ ይሁን አላውቅም።

የነነዌ ጾም ገባ። የዮናስ ጾም ማለት ነው፣ ሦስት ቀን። እማዬ ሐኪም መድኃኒቷን ከምግብ ጋር እንድትወስድ ስላዘዛት መጾም አልቻለችም፣ በዚህ አዝናለች። ሁለተኛው ቀን ማታ «እስቲ ዮናስን አንብብልኝ» አለችኝ። ትንሽ መጽሐፍ ነው፣ አራት ምዕራፍ። ጀመርኩላት። ማዕበሉ ሲነሳ፣ መርከበኞቹ ሲጨነቁ፣ እሱ ከታች ተኝቶ። ከዚያ «አንሥታችሁ ወደ ባሕር ጣሉኝ» የሚለው ጋ ስደርስ መብራት ጠፋ።

የስልኬን መብራት አበራሁ። እጄ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። እማዬ እጄን ያዘችና መብራቱን ወደ መጽሐፉ አስተካከለችልኝ።

«ቀጥል» አለችኝ። «ዓሣው ሆድ ውስጥ ሆኖ የጸለየው ጋ ገና አልደረስክም።»

ቀጠልኩላት። መብራቱ ሲመጣ እጄን እንደያዘች እንቅልፍ ወስዷት ነበር።