የመገጭን አሮጌ ካርታ ማንበብ

[ምስል፦ የደምቢያ ሜዳ ከላይ ሲታይ]

መገጭ ከጎንደር በላይ ካለው ደጋ ወርዶ፣ ደምቢያን አቋርጦ ጣና ይገባል። ሜዳው ላይ ሲደርስ ደለል ይጥላል፤ አልጋው ሲሞላ ክረምት ላይ ማሳ ሰብሮ አዲስ መሄጃ ያበጃል። ዛሬ የሚታረስ መሬት ቀድሞ ወንዝ ሄዶበት እንደሆነ ለማወቅ የ1፡50,000 ቶፖግራፊ ካርታ ትልቅ ሀብት ነው።

ወንዙን ከመፈለጋችሁ በፊት የካርታውን ኅዳግ አንብቡ። ከታተመበት ዓመት ይልቅ የአየር ፎቶው የተነሣበትን ያዙ፤ ወንዙ የተሣለው በዚያን ጊዜ በነበረበት ነው። ፎቶ ሰማይ በሚጠራበት በበጋ ስለሚነሣ፣ ረግረጉ ከክረምቱ ጠቦ ይታያል።

[ምስል፦ የኮንቱር መስመሮች፣ ከጣና ዳር]

ካርታው ላይ 2 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። የኮንቱሩ (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘው መስመር) ልዩነት 20 ሜትር ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ፦ የጣና ከፍታ 1,786 ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ የምታገኙት የመጀመሪያ መስመር 1,800 ነው። በመካከሉ ያለው 14 ሜትር፣ ጎርፍ የሚተኛበት መሬት ሁሉ፣ ባዶ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ እዚያ የነጥብ ከፍታዎችንና የረግረግ ምልክትን ተከተሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዳተሙ ላይ፣ ማለትም የቦታ ቁጥሮች የሚለኩበት መነሻ ላይ ነው። ካርታው የተሠራው በአዲንዳን ዳተም፣ በዩቲኤም (ቦታን በሜትር የሚሰጥ የግሪድ ሥርዓት) ዞን 37 ሰሜን ነው፤ ጂፒኤስ ደግሞ በተለምዶ የሚሠራው በሌላ ዳተም፣ በደብሊውጂኤስ 84 ነው። የካርታውን ቁጥር ሳትቀይሩ ካስገባችሁት፣ ነጥቡ ከቦታው 200 ሜትር ያህል ወደ ደቡብ፣ 90 ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ይሄዳል። መገጭ ዳር ይህ ማለት የሌላ ገበሬ ማሳ፣ አንዳንዴም ከወንዙ ማዶ ነው።

[ምስል፦ በኪውጂአይኤስ (የካርታ ሶፍትዌር) የተከፈተ ስካን]

ቢያንስ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስካን አድርጉ፤ አንድ ፒክስል መሬት ላይ 4 ሜትር ያህል ይሆናል። ስካኑን ከትክክለኛ ቦታው ጋር የሚያያይዙትን መቆጣጠሪያ ነጥቦች የግሪድ መስመሮች ከሚቋረጡበት ላይ ውሰዱ፤ በወረቀቱ ላይ የተበተኑ 9 ነጥቦች ይበቃሉ። የወንዝ መታጠፊያን ግን ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ ተንቀሳቅሷል ወይ ብለን የምንመረምረውን ራሱን ካሰርነው ለውጡ ይጠፋል። ለሶፍትዌሩ የምትሰጡት የአዲንዳን ዞን 37 ሰሜን ኮድ ኢፒኤስጂ 20137 ነው። በስህተት 32637 (የደብሊውጂኤስ 84ን ኮድ) ካላችሁት ያ የ200 ሜትር ስህተት ይመለሳል።

ቀጥሎ የሳተላይት ምስል ደርቡበት። ካርታው ላይ 1 ሚሊ ሜትር መሬት ላይ 50 ሜትር ስለሆነ፣ ከዚያ ያነሰ ልዩነት የአሣሣል ስህተት ሊሆን ይችላል፤ በብዙ መቶ ሜትር የራቀ ሰማያዊ መስመር ግን አሮጌ አልጋ ነው።

የጣናን ዳርቻ ለብቻው ተመልከቱት። ውኃው በየወቅቱ ይወጣል፣ ይሸሻል፤ ገበሬውም ባሕር ሸሹን ተከትሎ ያርሳል። በዚያ ላይ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሐይቁ መፍሰሻ በጨረጨራ ግድብ ይቆጣጠራል። በአሮጌ ካርታ የዳርቻ መስመር የይዞታ ወሰን አትለኩ።