የእንግሊዝ መንግሥት የንፋስ መብራትን እንዴት ርካሽ አደረገው?

ሰላም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ ወደ እንግሊዝ እንሄዳለን። እዚያ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመብራት ማመንጫው ወደ ግል ዞሯል። ታዲያ ማመንጫው የራሱ ያልሆነ መንግሥት፣ ባህር ላይ የንፋስ ተርባይን እንዲተከል እንዴት አደረገ?

አንድ የአድአ ጤፍ አምራች አስቡ። ተበድሮ ነው የሚዘራው። የሚያስጨንቀው ዝናቡ ብቻ አይደለም፤ ዋጋውም ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያጭዳል፣ ገበያው ይጥለቀለቃል፣ ዋጋው ይወርዳል። ንፋስም እንደዚያው ነው! ሲነፍስ ለሁሉም ይነፍሳል።

እንበልና አንድ ሰው መጥቶ እንዲህ አለው፦ «ቁርጥ ዋጋህ በኩንታል 10 ሺህ ብር ይሁን። ጤፍህን ራስህ ሽጥ። 8 ሺህ ካወጣ 2 ሺውን እሞላልሃለሁ። 12 ሺህ ካወጣ ግን 2 ሺውን ትመልስልኛለህ። ውላችን ለ15 ዓመት ነው።» ገበሬው እፎይ አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አበዳሪው እፎይ አለ! አበዳሪ ካልፈራ ወለድ ይቀንሳል። ወለድ ከቀነሰ ገበሬው «9 ሺህም ያዋጣኛል» ይላል። ይቺን ያዙልኝ፣ ዋናዋ ነገር እሷ ናት።

የልዩነት ውል የሚባለው ይኸው ነው፤ ገበሬው የንፋስ ኩባንያው፣ ውል ሰጪው ደግሞ የመንግሥት ወገን ነው። ሕጉ በ2013 ወጣ። ኩባንያዎች ይጫረታሉ፣ ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠ ያሸንፋል። የባህር ላይ ንፋስ በ2015 ጨረታ በሜጋዋት ሰዓት ከ110 ፓውንድ በላይ ነበር። በ2019 ወደ 40 ገደማ ወረደ፣ ሁለቱም በ2012 ዋጋ ተሰልቶ።

ለንደን ያላችሁ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አለ፦ «ንፋስ በነፃ ነው፤ ሂሳቤ ለምን ተወደደ?» ነፃው ንፋሱ እንጂ ተርባይኑ አይደለም። ብረቱ፣ መርከቡ፣ ገመዱ፣ ወለዱ ይከፈላል። ደግሞ በጅምላ ገበያው የሁሉንም ዋጋ የሚወስነው ፍላጎቱን ለመሙላት መጨረሻ የተጠራው፣ ውዱ ማመንጫ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጋዝ። በ2022 ጋዝ ጣራ ሲነካ የመብራት ዋጋም አብሮ ጣራ ነካ። ያኔ የልዩነት ውል ያላቸው የንፋስ ጣቢያዎች ትርፉን መለሱ። ልክ እንደ 12 ሺው! ችግሩ፣ ብዙዎቹ የቆዩ ጣቢያዎች በሌላ አሠራር ስር ስለነበሩ የመመለስ ግዴታ አልነበረባቸውም። እኔ የምለው ውሉ ዘገየ እንጂ አልተሳሳተም።

የተሳሳተው የ2023ቱ ጨረታ ነው። ብረትም ወለድም ተወዶ ሳለ መንግሥት የጨረታውን የዋጋ ጣሪያ 44 ፓውንድ ላይ አደረገው። ለባህር ላይ ንፋስ አንድም ተጫራች አልመጣም። አንድም! ለቀጣዩ ዙር ወደ 73 ሲያነሳው ተመለሱ። ርካሽ ዋጋ በትእዛዝ አይመጣም።

የከሰሉ ታሪክ ሌላ ነው፤ ዋናው መሣሪያ የካርቦን ግብር ነበር። የመጨረሻው የከሰል ማመንጫ፣ ራትክሊፍ፣ መስከረም 2024 መጨረሻ ላይ ተዘጋ። እሱን በሚቀጥለው ቪዲዮ በደንብ እናየዋለን፤ እንዳያመልጣችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ።