ህንድ ውስጥ ከሳሽና ተከሳሽ ከታረቁ የወንጀል ክሱ ምን ይሆናል?

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ ወደ ህንድ ፍርድ ቤቶች ነው የምወስዳችሁ። አመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ እንዳታምታቱት።

(ስክሪን ላይ፦ የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ህንጻ)

አንድ ችሎት ውስጥ ገብታችሁ ተቀመጡ በሉ። አንዲት ሴት ከጠበቃዋ ጎን ቆማለች፣ ከጥቂት አመት በፊት ፖሊስ ጋ ሄዳ ባሏንና አማቷን የከሰሰች ናት። ባልየው ማዶ ቆሟል፣ አይተያዩም። ጉዳዩን የያዘው መርማሪ ፖሊስ አዎ ከሳሿ እሷ ናት ብሎ ለዳኛው ያረጋግጣል። ከዛ የባልየው ጠበቃ ከፋይሉ ውስጥ አንድ ወረቀት መዘዝ ያደርጋል፣ እነሱ ዲማንድ ድራፍት ይሉታል፣ እኛ ሲፒኦ የምንለው አይነት ነው፣ በስሟ የተሰራ የመጨረሻው ክፍያ። ዳኛው ይጠይቃሉ፦ በፈቃድዎ ነው የተስማሙት? ያስገደደዎት ሰው አለ? የለም ትላለች። ክሱ ተሰረዘ፣ ቀጣይ መዝገብ።

ይሄ የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም፣ እዛ ሃገር በጣም የተለመደ ችሎት ነው፣ እኔም ይሄንን ቪዲዮ የሰራሁት በዛች "የለም" ምክንያት ነው፣ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ግን መሰረቱን እንያዝ። የወንጀል ክስ የሁለት ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ከሳሹ መንግስት ነው። ህንድ ውስጥ ነገሩ የሚጀምረው ኤፍ አይ አር በሚባለው ነው፣ ፖሊስ ጣቢያ የሚመዘገበው የመጀመሪያው ሪፖርት ማለት ነው፣ እሱ አንዴ ከተመዘገበ በኋላ ተበዳይ ሄዶ "በቃ ትቼዋለሁ፣ ታርቀናል" ስላለ ብቻ አይቀደድም። ሽማግሌ ገብቶ፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ ካሳ ተከፍሎ፣ ተቃቅፈው ተላቅሰው ሊሆን ይችላል፣ መዝገቡ ግን እዛው ቁጭ ብሏል፣ ተከሳሹም በየቀጠሮው ይመላለሳል።

ታዲያ በምን ይወጣል? ሁለት በር አለ።

የመጀመሪያው በር ጠባብ ነው ግን ግልጽ ነው። ህጉ ራሱ በዕርቅ ማለቅ የሚችሉ ወንጀሎችን በሰንጠረዥ ዘርዝሯቸዋል፣ በድሮው የ1973 የወንጀል ስነ ስርአት ህግ አንቀጽ 320 ነበር፣ አሁን ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በስራ ላይ ባለው አዲሱ ህግ ደግሞ አንቀጽ 359 ሆኗል። ቀላል ድብደባ፣ ስም ማጥፋት፣ ሰው ግቢ ዘሎ መግባት፣ እነዚህን ተበዳዩ ራሱ ይቅር ካለ ያልቃሉ። ሰራተኛ አሰሪውን መስረቅና ሰው አታልሎ ንብረት መውሰድ አይነቶቹ ደግሞ ይቅርታው ላይ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጨመርበታል። ያለቀለት ሰው ነጻ እንደተባለ ይቆጠራል። ከሰንጠረዡ ውጭ ያለ ወንጀል ግን በዚህ በር አይወጣም፣ ህጉ ራሱ ቁርጥ አድርጎ ከልክሏል።

ሁለተኛው በር ሃይ ኮርት ነው፣ በየክልሉ ያለው ትልቁ ፍርድ ቤት። ሃይ ኮርቶች የፍርድ ቤት ሂደት መጠቀሚያ እንዳይሆን ለመከላከልና ፍትህ እንዳይጓደል የሚጠቀሙበት ከተፈጥሯቸው የመጣ የሚባል ስልጣን አላቸው፣ ድሮ አንቀጽ 482 አሁን 528። በዚህ ስልጣን ኤፍ አይ አሩን ከነክሱ መሰረዝ ይችላሉ፣ ሰንጠረዡ ውስጥ የሌለ ወንጀልም ቢሆን። ከላይ ያየናት ሴት ጉዳይ ያለቀው በዚህ ነው፣ ምክንያቱም እሷ የከሰሰችበት አንቀጽ 498ኤ፣ በ1983 በድሮው የወንጀል ህግ ውስጥ የገባው፣ ባልና የባል ዘመዶች ሚስት ላይ የሚፈጽሙትን ጭካኔ እስከ 3 አመት እስራት የሚያስቀጣው፣ በዋናው ሰንጠረዥ ውስጥ የለም።

እና ጥያቄው ይመጣል፣ ህጉ "በዕርቅ አያልቅም" ያለውን ነገር ሃይ ኮርት በጓሮ በር ሊጨርሰው ይችላል ወይ? በ2003 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቢ ኤስ ጆሺ በሚባለው የትዳር ጉዳይ ይቻላል አለ። በ2010 ሌሎች ሁለት የዛው ፍርድ ቤት ዳኞች ቆይ ቆይ፣ በቀጥታ የተከለከለን ነገር በተዘዋዋሪ ማድረግ እንዴት ይሆናል ብለው ተጠራጠሩና ጉዳዩ ለሶስት ዳኞች ተላከ። መልሱ በሴፕቴምበር 2012 መጣ፣ ጊያን ሲንግ በሚባለው መዝገብ፣ ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ሎዳ ናቸው፣ ዛሬ ድረስ ማንኛውም ጠበቃ መጀመሪያ የሚጠቅሰው እሱን ነው።

ያሉት ባጭሩ ይሄ ነው፦ ሁለቱ በሮች አይምታቱ፣ አንደኛው የተበዳይ ይቅርታ ነው፣ ሁለተኛው የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ስለዚህ ዕርቁ ብቻውን ክስ አይሰርዝም፣ ዳኛው ወንጀሉ የማን ቁስል ነው ብሎ ማየት አለበት። ግድያ፣ አስገድዶ መድፈር፣ በቡድን የሚደረግ ዘረፋ፣ የመንግስት ሰራተኛ በስራው ላይ የሚፈጽመው ሙስና፣ እነዚህ የህብረተሰብ ቁስል ናቸው፣ ቤተሰብ ተስማማ አልተስማማ አይሰረዙም። የንግድ፣ የገንዘብ፣ የትዳር፣ የቤተሰብ ጸብ ሆኖ ወንጀል የሚል ስም ብቻ የተለጠፈበት ከሆነ ግን ታርቀው እያለ ክሱን መቀጠል ግፍ ነው። ሌላም ምክንያት አላቸው፣ ተበዳዩ ታርቆ ከሆነ መጥቶ አይመሰክርም፣ ካልመሰከረ ደግሞ ተከሳሹ የመቀጣት እድሉ የመነመነ ነው፣ ታዲያ ለምን ፍርድ ቤቱን አመታት እናደክመዋለን የሚል።

በዚህ ክርክር እኔ ግማሽ በግማሽ ነው የምስማማው፣ ምክንያቱም ምስክሩ እንዳይመሰክር ያደረገው ዕርቁ ነው ወይስ ፍርሃቱ የሚለውን ማንም ቁጭ ብሎ አይመረምርም።

የመግደል ሙከራ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይወሳሰባል። በ2014 ናሪንደር ሲንግ በሚባለው ፍርድ፣ አንቀጹ "መግደል ሙከራ" ስላለ ብቻ አትደንግጡ ነው የተባለው፣ ፖሊስ አንዳንዴ ተራ ድብድብን በከባድ አንቀጽ ይመዘግበዋልና ቁስሉ የት ላይ ነው፣ በምን መሳሪያ ነው፣ የሃኪም ማስረጃው ምን ይላል ብላችሁ እዩ። ጊዜውም ይታያል፣ ገና ምርመራ ላይ እያለ ታርቀው ከመጡ ይቀላል፣ ምስክር ተሰምቶ ሊያልቅ ሲል ታረቅን ማለት ግን ከፍርድ ማምለጫ ይመስላል። ይሄ እንዳለ ሆኖ ከፍርድ በኋላም የተሳካለት አለ። በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በገንዘብ ተጣልተው የሰው ጣት የቆረጡ፣ ተፈርዶባቸው ይግባኝ ላይ የነበሩ ሰዎችን ጉዳይ ዘግቷል፣ ጸቡ ካለፈ ሃያ አመት ሆኖት ነበር፣ ከተበዳዩ ጋር ታርቀው በሰላም እየኖሩ ነበር። እኛ ዕርቅ ደም ያድርቅ የምንለው ማለት ነው፣ እዚህ ጋ እኔም ደስ ነው ያለኝ።

ደረቅ ቼክ ደግሞ አለ፣ እዛም ወንጀል ነው፣ ግን በማንኛውም ደረጃ ታርቆ መጨረስ ይቻላል። ችግሩ ሰው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አመታት ጎትቶ መጨረሻ ላይ ልክፈል ይላል፣ ስለዚህ በ2010 መላ መቱለት፣ መጀመሪያ ቀጠሮዎቹ ላይ ከታረቅክ ምንም የለም፣ ከዛ ካለፈ የቼኩን 10 በመቶ፣ ሃይ ኮርት ከደረሰ 15፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከደረሰ 20 በመቶ ትጨምራለህ፣ ብሩም ለነጻ የህግ ድጋፍ ተቋም ይገባል። በኋላ መጠኑን ቀነስ አድርገውታል።

አሁን ሁለቱ ሰዎች ተስማምተው ሶስተኛው ሰው የሚበደልበትን እንይ። ታሚል ናዱ ውስጥ በመንግስት ትራንስፖርት መስሪያ ቤት ስራ ለመቀጠር ጉቦ ተከፍሏል ተብሎ አንድ የቀድሞ ሚኒስትር ጭምር ያለበት ክስ ተመሰረተ። ብር ከፍለናል ያሉትና ተከሳሾቹ ታረቅን አሉ፣ ሃይ ኮርቱም በ2021 ሰረዘው። በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሻረው። ልክ ነው የሻረው፣ ምክንያቱም እዛ ውስጥ ታርቆ የማያውቅ ሰው አለ፣ ፈተናውን ተፈትኖ፣ ብር ስላልነበረው ቤቱ የቀረ ልጅ። እሱን ማን ጠየቀው?

(ስክሪን ላይ፦ ራኪ፣ እህት ወንድሟ እጅ ላይ የምታስረው ክር)

በ2020 አንድ ሃይ ኮርት ሴት ተንኩሷል የተባለ ሰው ሲዋስ ምን ብሎ አዘዘ መሰላችሁ፣ ከሳሿ ቤት ጣፋጭ ይዘህ ሂድ፣ ራኪ እንድታስርልህ ጠይቃት፣ ወንድም ለእህቱ እንደሚሰጠው 11,000 ሩፒ ስጣት። ቤቷ ድረስ! በዛው ሰው! ሴት ጠበቆች ይዘውት ሄዱና በማርች 2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰረዘው፣ ዳኞች በእንደዚህ አይነት ክስ ላይ ታረቁ፣ ተጋቡ የሚል ሃሳብ ጭራሽ እንዳታነሱ ብሎ አዘዘ።

ወደዛችው ሴት ልመለስ። የስምምነት ወረቀታቸውን ብታዩት ብሩ ብዙ ጊዜ ተቆራርጦ ነው የሚከፈለው፣ የተወሰነው ሲፈራረሙ፣ የተወሰነው በስምምነት የሚፈቱበት የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ፣ የተወሰነው በሁለተኛው ላይ፣ የመጨረሻው ደግሞ ኤፍ አይ አሩ ሲሰረዝ። ለባልየው ዋስትና ነው፣ ይገባኛል፣ ስሟ የገባች አሮጊት እናቱ በየቀጠሮው ስትንከራተት የኖረች ልትሆን ትችላለች። ግን ለሴቲቱ ስታዩት፣ ዳኛው "ያስገደደዎት አለ?" ብለው ሲጠይቁ ሲፒኦው ማዶ በጠበቃው እጅ ላይ ነው ያለው፣ ምናልባት ከራሷ ወርቅና ከልጇ ቀለብ የተረፈው ብር እሱ ብቻ ነው፣ እና ከሲፒኦው በፊት መሰጠት ያለበት መልስ አንድ ነው። አብዛኛው ዕርቅ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም፣ ብዙ ሴት በዚህ መንገድ ተገላግላ ህይወቷን ጀምራለች። እኔ የምለው ዳኛው ሁለት ጥያቄ ሳይሆን አስር ይጠይቅ፣ ለብቻዋ አስገብቶ ይጠይቅ፣ ብሩ አስቀድሞ ፍርድ ቤት ገቢ ይደረግ ነው።

ልጅ ሲሆን ደግሞ መጠየቅም የለም። ራጃስታን ውስጥ በጃንዋሪ 2022 አንድ አስተማሪ የገዛ ተማሪውን፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ፣ ክፍል ውስጥ ሰውነቷን ነክቷል ተብሎ አባቷ ከሰሰ። ብዙም ሳይቆይ አባትየው የፈረመበት ወረቀት መጣ፣ አለመግባባት ነው፣ ክሱን አንፈልግም የሚል። ሃይ ኮርቱ በፌብሩዋሪ ሰረዘው፣ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ የተፈረመው የአባት ነው፣ የተነካችው ልጅቷ ናት። ፖሊስ ዝም፣ ቤተሰብ ዝም፣ ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም ሊሆን ሲል ከቤተሰቡ ውጭ የሆኑ የአካባቢው ሰዎች ናቸው አይሆንም ብለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ የሄዱት። እናንተን ምን አገባችሁ የሚል ክርክር ቀርቦባቸው ነበር።

ኖቬምበር 7 ቀን 2024 ፍርዱ ተሰጠ፣ ሁለት ዳኞች፣ ራቪኩማርና ሳንጃይ ኩማር። ያገባቸዋል ተባለ። በልጅ ላይ የሚፈጸም እንዲህ ያለ ወንጀል በምንም መልኩ የግል ጸብ ሊባል አይችልም፣ በዕርቅም አይሰረዝም ተባለ። የአስተማሪው ክስ ወደነበረበት ተመልሶ እንዲቀጥል ታዘዘ። ልጅቷ ግን በዛ መሃል ወደ ሶስት አመት ሊጠጋ ምንም ክስ እንደሌለ ሆኖ ኖራለች።