«ገና» ሲላላና ሲጠብቅ፦ የንግግር ድምፅ ሙከራ በኢንተርኔት እንዴት ይሠራል?

[ስክሪን፦ «ገና» የሚለው ቃል ብቻውን። ቃሉ መጀመሪያ ላልቶ፣ ቀጥሎ ጠብቆ ይሰማል።]

የሰማችሁት ሁለት ቃላት ነው። አንደኛው «ገና አልመጣም» ስንል የምንጠቀምበት፣ ሁለተኛው በታኅሣሥ መጨረሻ የምናከብረው በዓል። ፊደሉ አይለያቸውም። የሚለያቸው ምላሳችን «ን»ን ይዞ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ታዲያ የላላው ድምፅ ቀስ በቀስ እየረዘመ ቢሄድ፣ ጆሮ «አሁን ጠበቀ» የሚለው የት ላይ ሲደርስ ነው?

[ስክሪን፦ የድምፅ ሞገድ። መካከሉ ደረጃ በደረጃ ይረዝማል።]

አሠራሩን ለመናገር ቀላል ነው። አንድ ሰው ቃሉን ሲናገር እንቀርጻለን። ከዚያ የ«ን»ን ርዝመት በኮምፒውተር እንዘረጋለን፤ ከ60 እስከ 180 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ አንድ ሺኛ)፣ በየ20 ሚሊሰከንዱ አንድ ድምፅ፣ ሰባት ድምፅ እንበል። ሰባቱን እያቀላቀልን ደጋግመን እናሰማለን፤ አድማጩም በእያንዳንዱ ጊዜ ከሁለቱ ቃላት አንዱን ይመርጣል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 አልቪን ሊበርማንና ባልደረቦቹ በኒው ዮርክ በነበረው የሃስኪንስ ላቦራቶሪ ከ«ቤ» ወደ «ዴ»፣ ከ«ዴ» ወደ «ጌ» በ14 ደረጃዎች የሚሸጋገሩ ድምፆችን በመሣሪያ ሠርተው ለሰዎች አሰሙ። ድምፁ የሚለወጠው በእኩል እርምጃ ነበር። የአድማጮቹ መልስ ግን አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ በድንገት ይገለበጥ ነበር። ጆሮ እንደ ማስመሪያ አይለካም፤ ወሰን ያበጃል። ይህ ግኝት ዛሬም ያስደንቀኛል።

ያኔም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት አድማጩ ወደ ቤተ ሙከራ ይመጣ ነበር። ክፍሉ ጸጥተኛ ነው፣ የጆሮ ማዳመጫው ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ የድምፁ ከፍታ በመሣሪያ ተለክቷል። ዛሬ ግን አድማጩን ከኢንተርኔት ማግኘት ይቻላል። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2005 ሜካኒካል ተርክን ከፈተ፤ በ2014 ደግሞ በእንግሊዝ አገር ፕሮሊፊክ ተመሠረተ። ሁለቱም በክፍያ የሚሳተፉ ሰዎችን ያሰባስባሉ። በ2020 ወረርሽኙ ቤተ ሙከራዎችን ሲያዘጋ ብዙ ተመራማሪዎች ወደዚህ ዞሩ። ወራት ይወስድ የነበረው የአድማጭ ፍለጋ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅበት ጊዜ አለ።

በምትኩ የምናጣው የድምፁን መንገድ ማወቅን ነው። የላክነው ፋይል አንድ ነው፤ የሚሰማው ግን በየቤቱ ይለያያል። አንዱ በጥሩ ማዳመጫ ያዳምጣል፣ ሌላው ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ሦስተኛው ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እየወረደ።

ታዲያ ሰውየው ማዳመጫ ማድረጉን በምን እናውቃለን? «አድርገዋል?» ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ኬቨን ዉድስ፣ ጆሽ ማክዴርሞትና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት መላ እጅግ ብልህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ።

[ስክሪን፦ ሁለት ሞገዶች፣ አንዱ ለግራ አንዱ ለቀኝ ጆሮ። ሁለተኛው ተገልብጧል።]

አድማጩ 200 ሄርዝ የሆኑ፣ ማለትም በሰከንድ 200 ጊዜ የሚርገበገቡ፣ ሦስት ድምፆች በተከታታይ ይሰማና ቀንሶ የሚሰማውን እንዲመርጥ ይጠየቃል። አንዱ በእርግጥ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ዝቅ ያለ ነው። ከቀሩት ሁለቱ በአንደኛው ውስጥ ግን ወጥመድ አለ፦ ወደ ግራ ጆሮ የሚሄደው ሞገድ ሲነሣ ወደ ቀኝ የሚሄደው ይወድቃል። በማዳመጫ ይህ ምንም አይጎዳም፤ እያንዳንዱ ጆሮ የራሱን ሞገድ ለብቻው ይሰማል። በድምፅ ማጉያ ሲሆን ግን ሁለቱ ሞገዶች አየር ላይ ይገናኙና ይጠፋፋሉ። የ200 ሄርዝ ሞገድ ርዝመት ወደ 1.7 ሜትር ስለሚጠጋ፣ አድማጩ ጭንቅላቱን ትንሽ ቢያዘነብልም ከዚያ አያመልጥም። ስለዚህ በማጉያ የሚያዳምጥ ሰው በሙሉ ቅንነት የተሳሳተውን ድምፅ ይመርጣል። ጥያቄው ስድስት ጊዜ ይቀርባል፤ ለማለፍ አምስቱን ማግኘት ያስፈልጋል። በግምት ብቻ የሚመልስ ሰው ይህን የማለፍ ዕድሉ ከ100 ሁለት እንኳ አይሞላም።

ደስ የሚለኝ ይህ ነው፦ ሰውየውን በውሸታምነት ሳንጠረጥር፣ ድምፁ ራሱ የት እንደደረሰ እንዲነግረን ማድረግ።

የድምፁ ከፍታ ግን በዚህ አይታወቅም። አድማጩ መጀመሪያ የተወሰነ ድምፅ ሰምቶ በሚመቸው ልክ እንዲያስተካክል፣ ከዚያ እንዳይነካው እንጠይቃለን፤ ከዚህ በላይ መሄድ አይቻልም። «ሰው የሚሰማው ትንሹ ድምፅ ስንት ዴሲቤል ነው?» የሚል ጥናት ስለዚህ ወደ ቤተ ሙከራው ይመለስ። የብሉቱዝ ማዳመጫም ድምፁን ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ሊያዘገይ ይችላል፤ የመልስ ፍጥነትን ለሚለካ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለእኛ ሙከራ ግን አያሰጋም፤ የሚዘገየው የድምፁ መነሻ እንጂ የ«ን» ርዝመት አይደለም።

[ስክሪን፦ ሁለት ቁልፎች፣ በሁለቱም ላይ «ገና» ተጽፏል።]

አማርኛ ላይ ስንደርስ ሌላ ችግር ይጠብቀናል። በእንግሊዝኛ ሙከራ አድማጩ ስክሪኑ ላይ ከተጻፉት ሁለት ቃላት አንዱን ይጫናል። እኛ ምን ልንጽፍ ነው? ፊደላችን ማጥበቅን አያሳይምና ሁለቱም ቁልፎች አንድ ይሆናሉ። መውጫው ትርጉሙን መጻፍ ነው፦ በአንዱ ላይ «በዓሉ»፣ በሌላው ላይ «እስካሁን»። የግራና የቀኙ ቦታም ከሰው ሰው መቀያየር አለበት። ቃሉ ደግሞ ትርጉሙን ይዞ ይመጣል። ሙከራውን በበዓሉ ሰሞን ብናደርገው ጆሮ ወደ በዓሉ ሊያደላ ይችላል፤ ስለዚህ «ዋና»ን ጨምሩበት፣ ላልቶ መዋኘት፣ ጠብቆ ተቀዳሚ የሆነ። «ሰፊ»ንም ጨምሩ፣ ላልቶ ልብስ የሚሰፋው፣ ጠብቆ ጠባብ ያልሆነ። በአንድ ቃል ብቻ ስለ ቋንቋ መናገር አይገባም።

አድማጩ ማነው የሚለውም ቀላል አይደለም። ዋሽንግተን ዙሪያ ያደገ ልጅ አማርኛን ከወላጆቹ ሰምቶ፣ ቀኑን ግን በእንግሊዝኛ ይውላል፤ እንግሊዝኛ ደግሞ በአንድ ቃል ውስጥ በማጥበቅና በማላላት ትርጉም አይለይም። የዚህ ልጅ ወሰን ጎንደር ካደገው ሰው ወሰን ጋር አንድ መሆኑን አስቀድመን ልናምን አንችልም። የት እንዳደጉ፣ በቀን የትኛውን ቋንቋ እንደሚናገሩ እንጠይቅ። ስም ግን አያስፈልገንም።

አገር ቤት ያለውን አድማጭ ስንጋብዝ ደግሞ የኢንተርኔት ወጪውን እናስብ። ድምፆቹ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ይጫኑ፤ በመሃል ኔትወርክ ቢቋረጥ ሙከራው እንዳይበላሽ። ክፍያውን በቴሌብር መላክ ይቻላል። የማዳመጫውን ፈተና ላላለፈ ሰውም የጊዜውን ዋጋ ክፈሉት፤ ማዳመጫ የሌለው መሆኑ ጥፋቱ አይደለም። ሰውን ከውጤት የምናወጣበትን ደንብም መልሶችን ከማየታችን በፊት ጽፈን እናስቀምጥ። አንዳንድ ቦታ ላይ «አሁን የግራውን ይጫኑ» የሚል ድምፅ ማስገባት ማን እያዳመጠ እንደሆነ ይነግረናል። መልሶቹን ካየን በኋላ «ይህ ሰው አላዳመጠም» ማለት ግን የማይመቸንን መልስ ወደ መጣል ያደርሳል።

[ስክሪን፦ ከታች ወደ ላይ የሚታጠፍ መስመር። ከጎኑ ሌላ መስመር በሌላ ቀለም ይሳላል።]

ማስታወቂያውን ከማውጣታችሁ በፊት በምታገኙት ርካሽ ስልክ ላይ ሙከራውን ራሳችሁ ሥሩት፣ አንድ ጊዜ በማዳመጫ፣ አንድ ጊዜ በስልኩ ማጉያ። በየርዝመቱ የመለሳችሁትን በመስመር ሣሉና ሁለቱን መስመሮች አስተያዩ። የሚታጠፉበት ቦታ ከተራራቀ፣ የለካችሁት ጆሮን ሳይሆን ስልኩን ሊሆን ይችላልና ድምፆቹን እንደገና ቅረጹ።