«ልቀቃት»

እሺ... ዛሬ ሙዚቃም አላስገባሁም፣ ዝም ብዬ ላውራ። ሰሜን ተራሮች፣ ቧሂት ተራራ ላይ የደረሰብንን ነው። እስከዛሬ ኮማንደሯ ነበረች አታውራ ያለችኝ፣ ትናንት ግን «እንደፈለግክ» አለችኝ፣ እህቴ እንደፈለግክ ስትል ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ታውቃላችሁ።

እስካውታችን ጋሼ፣ ጠመንጃ ይዘው የሚያጅቡን የፓርኩ ጠባቂ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ከጨነቅ ካምፕ እንነሳ፣ በመስከረም ከሰዓት ተራራው አይታመንም ብለውን ነበር። እኛ ቡና፣ ፎቶ፣ ደግሞ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቁ እናትየው ልጇን ስትቀምልለት... ኧረ እሱን አንድ ቀን ለብቻው አወራዋለሁ። ብቻ ጫፉ ጋ፣ 4,430 ሜትር ላይ፣ ስንደርስ 8 ሰዓት ሆኗል።

በረዶ ጣለ። ከዛ ብልጭ አለ፣ ቆጠርኩ፣ በስድስት ሰከንድ ጮኸ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመድረስ ሦስት ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ስለዚህ መብረቁ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ነው ማለት ነው። 30 እንኳን ሳትቆጥሩ ከሰማችሁ ሊመታችሁ የሚችል ርቀት ላይ ናችሁ። ወዲያው ምርኩዜ እንደ ንብ እዝዝዝ ማለት ጀመረ፣ ዞር ስል የእህቴ ፀጉር ከኮፍያዋ ስር ቀጥ ብሎ ቆሟል።

እጇን ይዤ አለት ጥግ ወሸቅኳት። ጋሼ ሲበሉ እንኳን ከትከሻቸው የማያወርዱትን ጠመንጃ ሣሩ ላይ ጥለው እየሮጡ መጡ፣ «ከአለቱ ውጡ! ተራራቁ! ልቀቃት ልጄ!» አልለቀቅኳትም። ጣቶቼን አንድ በአንድ ነው የፈለቀቁት። ወደ ታች ገፏት፣ ሃያ እርምጃ ያህል ርቃ እግሯን ገጥማ ቁጢጥ አለች። ከዛ አየችኝ።

ያ አስተያየቷ ነው እስካሁን...

ኋላ ሳነብ ልክ ነበሩ። መብረቅ መሬት ለመሬትም ይሄዳል፣ አለት ጥግ የተጠለለ ሰው ላይ ደግሞ ዘሎ ይወርዳል። አንድ ላይ ከሆናችሁ ሁላችሁንም ይጥላል፣ ከተራራቃችሁ ግን የተረፈው የወደቀውን ያነሳል። የተመታ ሰው ደግሞ ኤሌክትሪክ አይዝም፣ እባካችሁ ንኩት፣ ልቡ ከቆመ ደረቱን ተጫኑለት፣ እንዳትፈሩ። ጋሼ ያን ሰዓት ከሁለታችን አንዳችን እንድንተርፍ ነበር ያሰቡት... ማለትም አንዳችን እንደምንወድቅ... ይሄን ሳስብ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ይቀመጣል።

የመጨረሻው ነጎድጓድ ካለፈ ግማሽ ሰዓት ጠብቀን ወረድን። ማታ ድንኳን ውስጥ «እሳቸው ባይመጡ ትለቀኝ ነበር?» አለችኝ። ተኚ አልኳት።

አሁን ደግሞ አቡነ ዮሴፍ ተራራ እንውጣ ትላለች። እሺ፣ ግን ሌሊት 11 ሰዓት እንነሳለን ብያታለሁ። ለሌላው ጥያቄዋ ግን... እኔንጃ፣ ልቀቅ ማለት እኮ...